ማሽኑ ያላመነው ልጅ

ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ በእንፋሎት ካውያ ሲተኮስ ዝናብ የመታው በግ ዓይነት ሽታ አለው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የኛው አገር ልጅ የፖሊስ ሱሪዋን አሳጥሪልኝ ብላ ሱቄ መጣች። «እትዬ ወይንሸት፣ ሰኞ ሥራ ስታርት አደርጋለሁ» አለችኝ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ከዚያ ሳላስበው «ያንን የውሸት መመርመሪያውንስ አለፍሽው?» አልኳት። ሳቀች። «ፖሊግራፉን? ኦ ማይ ጋድ፣ እሱማ እንቅልፍ ነሳኝ። ግን አለፍኩ» አለችና ሄደች። ሱሪውን ገልብጬ ካውያውን ሳሳርፍበት ያ ሽታ ወጣ። ከሽታው ጋር የእህቴ ልጅ ሚኪያስ መጣብኝ፣ ያን ዓመት ያስተካከልኩለት ሙሉ ልብስም መጣብኝ፣ ድካሙም መጣ። እንደ ድሮው አያናድደኝም አሁን። ደክሞኛል ብቻ።

ያን ጊዜ ሱቄ እዚህ አሜሪካ፣ ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በሐጂ ሰማን ግሮሰሪና በቬትናሞች ጥፍር ቤት መካከል የተሸጎጠች አንድ ክፍል ነበረች። ባቡሩ ገና አልመጣም። ለሐዲዱ ብለው ትልቁን መንገድ ቆፍረውት ስለነበር ደንበኛ ሁሉ ጭቃውን የሚያራግፈው እኔ ምንጣፍ ላይ ነው። የአውቶቡስ ትራንስፈር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያ ትኬቱ፣ ቁራጭ ወረቀት ነበር፤ የዛሬው ቀለም ምንድነው፣ ፊደሉስ ምንድነው እንባባል ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ካርዱን ጢው አድርጎ ያልፋል። ቤንዚን ጋሎኑ ሁለት ዶላር ሲገባ አገር የጠፋ መስሎን ነበር። አገር ቤት የምንደውለው በአምስት ዶላር ካርድ ነው፤ ጀርባው በሳንቲም ተፍቆ፣ ያ ሁሉ ቁጥር ተመትቶ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ድምፅዋ የተቀዳው ሴትዮ ጣልቃ ትገባና «አንድ ደቂቃ ቀርቷችኋል» ትላለች። ወጣቶቹ ጉልበት የሚደርስ ነጭ ቲሸርትና ሁለት ሰው የሚያስገባ ጂንስ ይለብሱ ነበር። እናቶች እየጎተቱ ያመጡልኝና «ቁረጪልኝ ይሄን መጥረጊያ» ይላሉ፤ ልጆቹ ከእናታቸው ጀርባ ሆነው «ፕሊስ ዶንት» እያሉ ይለምኑኛል። ከመኪናቸው የሚወጣው ዘፈን የሱቄን መስታወት ያንቀጠቅጠው ነበር። አሁን እነዚያው ልጆች አባት ሆነው፣ ጸጉራቸው ሳስቶ፣ የሥራ ሱሪያቸውን ይዘው ይመጡና «እትዬ፣ ወገቡን አስፊልኝ» ይሉኛል።

ሚኪያስ ከነሱ አንዱ ነበር፣ አልነበረምም። የታናሽ እህቴ የጥሩነሽ አንድ ልጅ ነው። አባቱ ሆሳዕና ከተማ ካረፈ በኋላ እናቱ ይዛው ናይሮቢ ወጣች፤ እዚያ በስደት ቆይተው፣ እኔ ቀድሜ እዚህ ስለነበርኩ ወደኔ መጡ። ሲመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሬኒየር ቢች አፓርትመንት ውስጥ አደገ፤ ከትምህርት ቤት መልስ የሰፈሩ ወጣቶች በሚሰበሰቡበት ኮሚኒቲ ሴንተር ውስጥ ኳስ ሲያነጥር ያመሻል፣ እሑድ ከእናቱ ጋር ቸርች ሄዶ ኳየር ውስጥ ይዘምራል። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የሚያስገባ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ የሚነሳ፣ ሲናገሩት መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነበር። መሬት ማየት እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። እዚህ ግን ዓይን የማያይ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል። ትምህርቱን ሲጨርስ ሬንተን የምትባለው ጎረቤት ከተማ አውሮፕላን ፋብሪካ ገባ፤ ደህና ያገኝ ነበር፣ እናቱም ከሆቴል ጽዳት አረፈች። እዚያው ቢቀጥል ኖሮ ይህን ሁሉ የማወራበት ምክንያት አይኖረኝም።

አንድ የክረምት ቀን ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሰማን ተዘረፉ። ፊታቸውን የሸፈኑ ሁለት ጎረምሶች ሽጉጥ ደቅነው ካዝናውን አራግፈው ሄዱ። ፖሊስ ሲመጣ ሐጂ ያቺኑ ያላቸውን እንግሊዝኛ ጥለዋታል፤ ስልጥኛውንም አማርኛውንም እየደባለቁ ይንቀጠቀጣሉ፣ ላብ በላብ ሆነዋል። አንደኛው ፖሊስ ቅንድቡን ሰቅሎ ያያቸው ጀመር። ቀጥ አድርገው የማይመልሱት ዘራፊዎቹን ቢያውቋቸው ነው ብሎ መጠርጠሩ ከፊቱ ይነበባል። ሚኪያስ ያን ቀን እኔ ጋ ነበር፤ ሮጦ ሄደና ባንኮኒው አጠገብ ቆሞ አንድ ባንድ አስተረጎመ። «ሰውዬው እየደበቀ አይደለም፣ ፈርቶ ነው» ሲላቸው ሰማሁት፣ በዚያ ልስልስ ባለ ድምፁ። ነገሩ ሲያልቅ በዕድሜ ገፋ ያለው ሌላው ፖሊስ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «እንዳንተ ያለ ሰው ያስፈልገናል፣ አፕላይ አድርግ» አለው። ሐጂ እጁን ይዘው አለቅ አሉ። «ልጄ፣ አንድ ያንተ ዓይነት እዚያ ውስጥ ቢኖረን እኮ እኛ ሰው ሆንን ማለት ነው» አሉት። ይቺ ቃል ገባችበት።

ጥሩነሽ ስትሰማ ሁለት ቀን አልበላችም። «ልጄ ሽጉጥ ታጥቆ ሊዞር?» ትላለች። ደግሞ ትንሽ ቆይታ «ዩኒፎርሙ ያምርበት ይሆን?» ትለኛለች። ሚኪያስ በየማለዳው ሐይቁ ዳር እየሮጠ ይመጣ ነበር። የጽሑፍ ፈተናውን አለፈ፣ ሩጫውንና ፑሽአፑን አለፈ፣ ሦስት ሰው ተደርድሮ የጠየቀውንም አለፈ። ለዚያ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ከርካሽ ሱቅ ገዝቶ አመጣልኝ፤ ትከሻውን አጠበብኩ፣ እጅጌውን አሳጠርኩ፣ ተኩሼ ሳለብሰው መስታወት ፊት ቆሞ ፈገግ አለ። ያን ሰሞን ከቤዛ ጋር ቀለበት ሊያስሩ ነበር። ቤዛ ነርሲንግ የምትማር፣ እዚሁ የተወለደች ሊባል ምንም ያልቀራት ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ ለማ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲቆሙም ሲፈርዱም ቀጥ ያሉ ሰው። ሽማግሌ ልከን «እግዚአብሔር ይባርከው» ብለው ተቀብለውናል። የቀረው ያ ማሽን ብቻ ነበር። ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። የማይዋሽ ሰው ምን ይሆናል?

ከፈተናው በቀጥታ ወደ ሱቄ ነው የመጣው። ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከቶታል። «አክስቴ፣ ውሃ» አለ። ጠጥቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ።

«ምነው ልጄ? ምን አሉህ?»

«ምንም አላሉኝም። ኮል እናደርጋለን አሉ።»

«ታዲያ?»

ቀስ በቀስ ነው የነገረኝ። መስኮት የሌላት ትንሽ ክፍል ናት። ደረቱ ላይ ሁለት ገመድ አሰሩበት፣ ክንዱ ላይ የደም ግፊት መለኪያውን፣ ጣቶቹ ላይ ደግሞ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ እንዲያውም ትሁት ነበር፤ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ አንብቦለታል። ዕፅ ወስደህ ታውቃለህ? አላውቅም። ከምትሠራበት ቦታ ሰርቀህ ታውቃለህ? አላውቅም። ማንም ያልደረሰበት ወንጀል ፈጽመህ ታውቃለህ? አላውቅም። ሰውዬው ደጋግሞ ጠየቀ፣ ደጋግሞ መለሰ። ልቡ ግን ከመጀመሪያዋ ጥያቄ ጀምሮ ጆሮው ውስጥ ይመታ ነበር። መጨረሻ ላይ ሰውዬው ማሽኑን ትቶ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋው። «ሚኪያስ፣ ጥሩ ልጅ እንደሆንክ ይታየኛል» አለው። «ግን ስርቆት ላይ ስደርስ አንድ ነገር ያስቸግርሃል። ምንድነው? ተናገርና ይቅለልህ።»

«እና ምን አልከው?»

«ለሰውዬው ዝም ማለት አልቻልኩም፣ አክስቴ። ትልቅ ሰው ነው። ከሥራ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ረስቼ ቤት ገብቼ አውቃለሁ አልኩት። 'ታንክ ዩ፣ ሌላስ?' አለኝ። ልጅ ሆኜ ባለቀ ትራንስፈር አውቶቡስ ተሳፍሬያለሁ አልኩት። 'ሌላስ?' አለኝ። የጓደኛዬን ሲዲ ሳልመልስ ቀርቻለሁ። 'ሌላስ?' አለኝ።» ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሲያልቅብኝ፣ ያላደረግኩትን ልነግረው ምንም አልቀረኝም ነበር። እንዲለቀኝ ብቻ።»

ኮል አደረጉለት። አልተቀበሉትም። ለምን እንደሆነ ደጋግሞ ሲጠይቅ፣ ፈተናው እንዳላመነው ነገሩት፤ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ኋላ ላይ እንዳስረዱን፣ በዚህ አገር ሌላ ቀጣሪ ሠራተኛውን በዚያ ማሽን ልፈትን ቢል ሕግ ይከለክለዋል፤ ለፖሊስነት ግን ያው ሕግ ግድ ይላል። ፍርድ ቤት እንኳ ማስረጃ አድርጎ ለመቀበል የሚያቅማማበት ነገር ነው። ይህን ስሰማ ግራ ገባኝ። ለሌባው የማይበቃ ማስረጃ ሌባ ያዢ መሆን ለሚፈልገው ልጅ ይበቃል? አሁንም አልገባኝም። ያኔ እየተነሳሁ ሰውን ሁሉ እጠይቅ ነበር፤ አሁን አልጠይቅም።

ከዚያ የመጣው ግን ከፖሊስ ቢሮው የባሰ ነበር። ከቤት ነው የመጣው። ጥሩነሽ እህቴ ልጇን ትወዳለች፤ በወደደችው መጠን ፈራችለት። የሴቶች የጸሎት ቡድን አላቸው፣ ረቡዕ ረቡዕ የሚገናኙ። ሄዳ እያለቀሰች «የጸሎት ርዕስ አለኝ። ልጄን ማሽኑ ያዘብኝ፣ የደበቀው ነገር እንዲገለጥ ጸልዩልኝ» አለቻቸው። በቅን ልብ ነው። ጸለዩላት። በማግስቱ ወሬው ሬንተን ደረሰ። የኛ ሰው እንደሆነ ይታወቃል፤ ወሬውን «ለጸሎት ነው የምነግርሽ» ብሎ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሚኪያስ ቸርች ሲገባ ሰው ከወትሮው የበለጠ ሞቅ አድርጎ ይጨብጠው ጀመር። እሱን የጎዳው ያ ሙቀት ነው።

አንድ ቀን ጥሩነሽ ሱቄ ተቀምጣ «እንዴት አንድ የአሜሪካ ማሽን ይሳሳታል? ልብ ቆርጠው የሚቀጥሉ ሰዎች እኮ ናቸው!» ስትለኝ ሐጂ ሰማን ሱሪያቸውን ሊወስዱ ገቡ። ሰምተዋታል። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ።

«እቴ ጥሩነሽ፣ ሌባሻይ የሚባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«ስሙን እሰማለሁ ሐጂ። የድሮ አይደል?»

«የድሮ ነው። በአያቴ ዘመን። ከብት ሲጠፋ አንድ ልጅ ያመጡና መድኃኒት ያጠጡታል፣ ያጨሱታል። ልጁ ራሱን ይስታል። ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ ይሮጣል፤ ሄዶ የወደቀበት ደጃፍ፣ ባለቤቱ ሌባ ነው። ጠያቂ የለም፣ ተከራካሪ የለም። አንድ ቀን አያቴ ደጃፍ ወደቀ።» ሱሪያቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው ዘረጉ። «አያቴ ያልሰረቃትን ላም በጊደር ከፈለ። ዓመት ሳይሞላ እውነተኛው ሌባ ተያዘ። ጊደሯንም መለሱለት፣ ይቅርታም አሉት። እኔ ከአገር እስክወጣ ድረስ ግን ቤታችን 'ሌባሻይ የወደቀበት' እየተባለ ነበር የሚጠራው። ያም ቢሆን አሁን ትዝ የሚለኝ እሱ አይደለም። አያቴ እስኪሞት የሚያወራው ስለ ሚስቱ ነው። ያን ለት ማታ 'እውነቱን ለኔ ብቻ ንገረኝ' አለችው። ጊደሯን ረሳ፣ ይቺን አልረሳም።»

ጥሩነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሐጂ ሰላም ብለው ሲወጡ እኔ ደግሞ «ናይሮቢን ረሳሽው?» አልኳት። ራሷ ናት በዚያ በአምስት ዶላር ካርድ የነገረችኝ። ወደዚህ ሊመጡ ሲሉ ቃለ መጠይቅ ነበረባቸው። ልጁን ለሳምንታት አስጠናችው፤ አባትህ መቼ ሞተ፣ የት ተቀበረ፣ ቤታችን በየት በኩል ነበር። ሁሉም እውነት ነው፣ የፈጠራ የለበትም። ግን «ከተሳሳትክ ይመልሱናል» ብላዋለች። ጠያቂው ሰውዬ በሩን ዘግቶ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ የአባቱን ሞት ደጋግሞ ሲጠይቀው ልጁ ሱሪው ላይ ሸና። «ያን ልጅ እኮ ነው ዘግተው የጠየቁት» አልኳት። «ልቡ ቢመታ ይገርምሻል?»

«ያኔ ሕፃን ነበር፣ ወይንዬ» አለች፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ። «አሁን ትልቅ ሰው ነው።» ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። በናይሮቢ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ ልቡ ለምን እንደመታ እሱም አያውቀውም። ልጁን ግን አውቀዋለሁ። ለኔ ያ በቂ ነበር።

ከዚያ አቶ ለማ መጡ። ቅዳሜ ነበር፣ እህቴ ቤት፤ እኔም ቤዛም ነበርን። ሻይ ቀረበላቸው፣ አልነኩትም። «ልጄ ሚኪያስ» አሉት፣ «እኔ አልፈርድብህም። ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን። ግን ሴት ልጄን ነው የምሰጥህ። እዚህ ያለነው ቤተ ሰብ ነን። ያለህን ነገር ተናገርና ይቅለልህ።»

ሚኪያስ እንደ ልማዱ መሬት መሬት ያይ ነበር። ይቺን ሲሰማ ቀና አለ። «ይህን ያሉኝን የማሽኑ ሰውዬም ብሎኛል፣ አቶ ለማ» አለ። «በእንግሊዝኛ ነበር እንጂ ቃል በቃል አንድ ነው።»

«ቁጣ መልስ አይሆንም።»

«አልተቆጣሁም። አልሰረቅሁም። የምመልሰው ይሄ ነው።»

«ታዲያ ማሽኑ ለምን…»

«አባዬ!» አለች ቤዛ፣ ከተቀመጠችበት ተነስታ። «ስቶፕ። እኔ ጠይቄዋለሁ። ነግሮኛል። አይ ቢሊቭ ሂም። ከዚህ በላይ ምን ፈለግህ?» አቶ ለማ ልጃቸውን አዩ፣ ዞረው እህቴን አዩ። የእናቱን ፊት ነበር የሚያነቡት። እናቱ አንገቷን ደፋች። አንዲት ቃል፣ «ልጄ አይሰርቅም» የምትል አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ ሰውዬው በዚያው ቀን ይረቱ ነበር፤ ሰው ናቸው። ሚኪያስ እናቱን ጠበቃት። ትንሽ ጠበቃት። ከዚያ ጃኬቱን አንስቶ፣ ለአቶ ለማ ጎንበስ ብሎ፣ ወጣ።

ሰርጉ «ይቆይ» ተባለ። ይቆይ የተባለ ሰርግ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ቤዛ ግን በወሩ ነጭ ጨርቅ ተሸክማ ሱቄ ገባች። «አክስቴ፣ ይሄን ስፊልኝ» አለች። «አባትሽ አወቁ?» አልኳት። «ነግሬዋለሁ። ከመጣ ዌልካም ነው፣ ካልመጣም እኔ እመጣለሁ» አለች። በጸደይ ሬንተን አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ተጋቡ። ምግቡን ራሳችን ሠራን፣ ሐጂ በጉን በሃላል አሳርደው ላኩልን፣ የቸርቹ ሰው ግማሹ ቀረ። አቶ ለማ ዝማሬው ሊያልቅ ሲል ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ኮታቸውን አላወለቁም፣ ግን እስከ መጨረሻው ቆዩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ ባቡሩ መሄድ ጀምሯል፣ ሚኪያስ አንድ ቀን መጥቶ «አክስቴ፣ እንደገና አፕላይ አድርጌያለሁ» አለኝ። በስተ ደቡብ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ፖሊስ ነው። የሚያውቁት ቤዛና እኔ ብቻ ነን። ያንኑ ሙሉ ልብስ ወገቡን አሰፋሁለት፤ ትዳር ተስማምቶታል። ያው ማሽን፣ ያው ገመድ፣ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። ሰውዬው ሌላ ነው። ጥያቄውን ሲጨርስ ገመዱን ፈታለትና «ምንም ችግር የለብህም» አለው። ሚኪያስ «በምን አወቅህ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን ሰጡት።

እናቱ ቤት ሄደን ነገርናት። ጥሩነሽ ብድግ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት በሩን እስኪከፍት። «ጌታ ስምህ ይባረክ! ልጄን ነጻ አወጣህልኝ!» እያለች ስልኳን ፈለገች፣ ለጸሎት ቡድኗ ልትደውል። ሚኪያስ እጇን ያዘ፣ ቀስ አድርጎ።

«እማዬ፣ አትደውዪ።»

«ለምን? ሰው ሁሉ ይስማ እንጂ! ይሄው ማሽኑ ራሱ መሰከረልህ!»

«ያን ጊዜም ማሽኑን ነበር ያመንሽው» አላት። ድምፁን አላነሳም። «እኔ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ነበርኩ እኮ፣ እማዬ። አንድም ጊዜ እኔን አልጠየቅሽኝም።»

እህቴ ስልኩን ይዛ ቆመች።

በሳምንቱ ለከተማዋ ደውሎ ሥራውን አልፈልግም አላቸው። አበድክ ወይ አልኩት፤ ስንት የለፋህበት! እኔ ጋ ተቀምጦ ረጋ ብሎ ነው የመለሰልኝ። «ያኛው ሰውዬ ውሸታም ሲለኝ አላመንኩትም፤ ይሄኛው እውነተኛ ስላለኝ ላምነው ነው? ነገ ደግሞ እኔ ሐጂን በመሰለ በሚንቀጠቀጥ ሰው ፊት ቆሜ 'ሌላስ?' እላለሁ። በቃኝ፣ አክስቴ። ታየርድ ነኝ።» የደከመው ልጅ ሠላሳ አልሞላውም ነበር። ሐጂ ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እኛ ተጎዳን እንጂ እሱስ ደህና ነው» አሉ። አሁን ሐጂም የሉም፤ ግሮሰሪያቸው ፈርሶ ረጅም አፓርትመንት ቆሞበታል፣ እኔም ኪራዩ ሲንርብኝ ወደ ሬንተን ወጣሁ። አቶ ለማ ከልጅ ልጅ በኋላ ለሰለሱ፤ ያንን ቅዳሜ ግን አንስተውት አያውቁም። ሚኪያስ ከፋብሪካው ወጥቶ ያደገበት ኮሚኒቲ ሴንተር ውስጥ ከወጣቶች ጋር ይሠራል። እናቱን አልተቀየማትም። በየሳምንቱ ይመጣል፣ መድኃኒቷን ያመጣል፣ አምፖሏን ይቀይራል። እንዴት ነህ ስትለው «ደህና ነኝ፣ እማዬ» ይላታል። ሌላ አይነግራትም። ብዙ ጊዜ «ምን ሆኖ ነው? አንቺን ያወራሻል» ትለኛለች።

ባለፈው ገና እነሱ ቤት ተሰብስበን ነበር። ምሳ ከተበላ በኋላ ሳሎን አንድ ነገር ተሰበረ። ሄደን ስናይ የአበባ ማስቀመጫው ምንጣፉ ላይ ደቋል፣ ውሃው ፈሷል፣ የሚኪያስ ልጅ ማርያማዊት ብቻዋን ቆማለች። ስድስት ዓመቷ ነው። ውሻቸው ደግሞ ሶፋው ሥር ገብቷል።

«ማን ሰበረው?» አለች ጥሩነሽ።

«አይ ዲድንት» አለች ልጅቱ። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«አትዋሺ! ፊትሽን እዪው እንዴት እንደቀላ! እዪኝ እስቲ!»

ሚኪያስ ከኩሽና መጣ። ስብርባሪውን እየተሻገረ ልጁን አንስቶ ደረቅ ቦታ ላይ አቆማትና ተንበረከከ። «ማሚቱ፣ አንቺ ነሽ የሰበርሽው?»

«ኖ፣ ዳዲ።»

«ኦኬ» አላት። ስብርባሪውን ባንድ እጁ መልቀም ጀመረ። ልጅቷ ትንሽ ቆማ አየችውና እንባዋን ጠርጋ ውሻውን ከሶፋው ሥር ልታወጣ ሄደች።

«እንዲሁ ዝም ብለህ ታምናታለህ?» አለች እህቴ።

«አዎ፣ እማዬ።»

ጥሩነሽ መጥረጊያ ላምጣ ብላ ወደ ኩሽና ገባች። ሳትመለስ ቆየች፤ ቧንቧው ሲፈስ ብቻ ይሰማ ነበር፣ ለረጅም ጊዜ። ልከተላት ተነስቼ ተውኩት። ቤዛ ፎጣ ይዛ መጥታ ውሃውን አደረቀች። ማስቀመጫውን ማን እንደሰበረው እስከ ዛሬ አላወቅንም።